እምቢ ያለ ብሎን

አሮጌ ሞተር ሳይክል መጠገን ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሞተር እውቀት ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል። ሥራውን በእጁ የያዘ ሰው ግን የቀኑ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ወደ ተበላሸው ዕቃ የሚያደርሱትን ብሎኖች በመፍታት መሆኑን ያውቃል። ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ አውጥቶ አዲስ መክተት በራሱ ከባድ አይደለም፤ ሸራውን የሸፈነውን የሞተር ክዳን ከያዙት ብሎኖች አንዱ እምቢ ካለ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለ እንዲህ ያለ ብሎን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ ብዙ ደህና ሞተር ከእርጅናው ይልቅ ብሎን ለመፍታት በሚደረግ ትግል ሲሰነጠቅና ሲቦረቦር ስለማይና ይህም ከልብ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

አሁን በእጄ ያለችው ያማሃ ዲቲ 125 ናት። የዚህ ዓይነት ሞተሮች በአገራችን ገጠር የግብርና ባለሙያውን፣ የጤና ሠራተኛውንና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛውን ለረጅም ዘመን ተሸክመው ኖረዋል፤ ካገለገሉ በኋላም በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡ ብዙ ናቸው። የእኔዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። በክረምት የዋልካው ጭቃ ከፊት ጎማ እየተፈናጠረ የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ይመርገዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል፣ በማግስቱ እንደገና ይረጥባል። ሞተሯ ስትታጠብም ውኃው ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያው ታች ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ክዳን ላይ ካሉት ብሎኖች የላይኞቹ ያለ ብዙ ችግር ሲፈቱ፣ ከታች በፊት ጎማ በኩል ያሉት ከሞተሩ ጋር አንድ አካል ሆነው ይገኛሉ። የትኛው እንደሚያስቸግር ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት ጭቃውን አይቶ መገመት ይቻላል። እኔ ዘይቱን ሳላፈስ፣ ቀላሎቹንም ሳልነካ፣ ከሚያስቸግሩት መጀመርን እመርጣለሁ፤ አልፈታም ካሉ ሞተሯ ገና ሙሉ ስለሆነች አስነሥቶ ወደ ደህና ጋራዥ መንዳት ይቻላል።

ብሎኑን ምን እንደያዘው ሳያውቁ ጉልበት መጨመር ትርፉ ጥፋት ነው። የሞተሩ አካልና ክዳኑ አሉሚኒየም ናቸው፤ ብሎኑ ግን ብረት ነው። እርጥበት በሁለቱ መካከል ሲገባ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ይህ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ በብሎኑና በቀዳዳው መካከል የነበረችውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ያጨናንቃታል። ከዚህ ሌላ ብሎኑ ራሱ ከጠበቀበት ቀን ጀምሮ ተለጥጦ የቆየ ነው። ኤም 6 የሚባለው፣ የ6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በ10 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው) ሲጠብቅ ወደ 800 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ኃይል ይዞ ይቀመጣል። ይህን ያህል ኃይል ይያዝ እንጂ፣ ለማጥበቅ ካወጣነው ጉልበት ብሎኑን ለመለጠጥ የዋለው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉ በጭንቅላቱ ሥር ባለው ፍትጊያ፣ የቀረው ደግሞ በአካሉ ዙሪያ በተጠመዘዘው ጥርሱ ላይ ባለው ፍትጊያ ያልቃል። በጭንቅላቱ ሥር የሚያልቀውን ይህን ግማሽ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በቀድሞዎቹ የጃፓን ሞተሮች ክዳን ላይ የሚገኙት ብሎኖች አብዛኞቹ ባለ መስቀል ናቸው፤ ባለ መስቀል ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በገበያ የሚበዛው ካቻቪቴ የተቀረጸው በፊሊፕስ መስቀል ልክ ነው። ሄንሪ ፊሊፕስ የኦሪገኗ ፖርትላንድ ሰው ነበር፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበውም እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ጃፓኖች በበኩላቸው ጂስ በሚባለው የኢንዱስትሪ ደረጃቸው የወሰኑት የራሳቸው መስቀል አላቸው። ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም አይታይም። የፊሊፕሱ ካቻቪቴ በጃፓኑ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ታች አይወርድም፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆምና ሲጠመዘዝ ወደ ላይ እየተገፋ ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ ቁጥርም የጉድጓዱን ጠርዝ ይላጫል። ይህን የማያውቅ ሰው ብሎኑን ለስላሳ ብረት ነው ብሎ ያማዋል። በብዙ የጃፓን ብሎኖች ጭንቅላት ላይ፣ ከመስቀሉ አጠገብ፣ ትንሽ የተወጋች ነጥብ አለች፤ ምልክቷ እሷ ናት።

ቁጥሩም እንዲሁ ዋጋ ያስከፍላል። ለእነዚህ ኤም 6 ብሎኖች የሚሆነው ቁጥር 3 ካቻቪቴ ሲሆን በየቤቱና በየመሣሪያ ሳጥኑ የሚገኘው ግን ቁጥር 2 ነው። ቁጥር 2 ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ የያዘ ይመስላል፣ የሚነካው ግን የጉድጓዱን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ጉልበት ሲያርፍበት ያንን ጥቂት ክፍል ይዞት ይሄዳል። በጃፓን ልክ የተሠራ ካቻቪቴ ካልተገኘ፣ ጥሩ ብረት ያለውን የፊሊፕስ ቁጥር 3 ጫፉን በመሞረጃ ድንጋይ ላይ፣ እንዳይግል ውኃ እየነከሩ፣ በጣም በጥቂቱ ማሳጠር ይቻላል። ያን ጊዜ እስከ ታች ይቀመጣል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ነበሩ። ሰው እምቢ ያለ ብሎን ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ጉድጓዱን አጽዳውና ና፤ ይፈታል አይፈታም የምንለው ከዚያ በኋላ ነው» የሚል ነበር። ለዚህ ሥራ ብቻ ያስቀመጡት ወስፌ ነበራቸው። በመስቀሉ አራት ክንዶች ውስጥ የተጋገረውን ጭቃና የድሮ ቀለም በወስፌው ጫፍ እየፈለፈሉ፣ በየመሃሉ እፍ እያሉ፣ የብረቱ ወለል እስኪያበራ ድረስ ያጸዱታል። ከዚያ ካቻቪቴውን ቀጥ አድርገው አቁመው ጀርባውን በመዶሻ ይመቱታል። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የታፈነ ነው፤ ጫፉ እስከ ወለሉ ሲወርድ ድምፁ ይጠራል። እሳቸው ከመጠምዘዛቸው በፊት የሚጠብቁት ያንን ጥራት ነበር። ምቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ነጭ ዱቄት ይሰነጥቀዋል። ከዚህ በኋላ በደረት ክብደት ወደ ታች ተጭኖ በዝግታ መጠምዘዝ ነው፤ የጉልበቱ ትልቁ ድርሻ መጫኛው እንጂ መጠምዘዣው አይደለም። የመስቀሉ ጠርዝ ትንሽ ከተላጨ፣ ቫልቭ ለማስማማት የሚውለውን ደቃቅ አሸዋ ያለበትን ቅባት በካቻቪቴው ጫፍ ላይ ነካ ማድረግ መንሸራተቱን ይቀንሰዋል።

በዚህ ካልተፈታ ተራው በመዶሻ የሚመታው ካቻቪቴ፣ ብዙዎች ኢምፓክት የሚሉት መሣሪያ ነው። ለአሮጌ የጃፓን ሞተር አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው ይህን ነው። ጀርባው ሲመታ ጫፉን በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይጭናል፣ ወደ ግራም ይጠመዝዛል፤ ስለዚህ የመስቀሉ ጉድጓድ ካቻቪቴውን ለመግፋት ፋታ አያገኝም። አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመምታት በፊት እጀታውን በእጅ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ጠምዝዞ ወጥሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ልል ከተያዘ የምቱ ኃይል ያንን ልልነት በመሙላት ያልቃል። መዶሻው ከባድ፣ ምቱም አንድና ቆራጥ መሆን አለበት፤ በቀላል መዶሻ ደጋግሞ መምታት ጭንቅላቱን ከመጨፍለቅ በቀር ጥቅም የለውም። ሞተር ሳይክሏም በምቱ እንዳትወዛወዝ በጠንካራ ነገር መደገፍ አለባት። ይህን መሣሪያ ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚያደባልቀው ካርቡራቶር ላይ ማሳረፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። የካርቡራቶር አካል ስስ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ አንድ ምት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የታችኛውን የቤንዚን ገንዳ የያዙት ትንንሽ ብሎኖች የሚፈቱት በጽዳት፣ በልኩ በተሠራ ካቻቪቴና በትዕግሥት ብቻ ነው።

በየመንገዱ ዳር ከኢምፓክት ይልቅ የሚታየው መሮና መዶሻ ነው። የመሮውን ጫፍ በብሎኑ ጭንቅላት ዳር ላይ አስደግፎ ወደ ግራ መምታት አንዳንዴ እንደሚሠራ አልክድም፤ ሌላ መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚታየው ውጤት ዙሪያውን የተቦጫጨቀ ጭንቅላትና የቆሰለ ክዳን ነው። ከእኔዋ ሞተር ክዳን ላይ ከእኔ በፊት የነበሩ እጆች በመሮ የተዋቸውን ጠባሳዎች ይዞ የደረሰ ብሎን ነበር። መስቀሉ ስለጠፋ ካቻቪቴ አይቀበልም፤ ዙሪያው ስለተበላ ቆላፊ ፒንሳም አይጨብጠውም።

ዘይትን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «ላምባ አፍስስበትና አሳድረው» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል፤ ናፍጣና የፍሬን ዘይት የሚጠቀሙም አሉ፣ የፍሬን ዘይት ግን ቀለም ስለሚያነሣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ዘይትም እ.ኤ.አ. በ1953 በሳን ዲዬጎ ሲሠራ የተፈለገው ውኃን ከብረት ላይ አባሮ ዝገትን ለመከላከል ነበር፤ ስሙም ውኃን ማባረርን የሚያመለክት ሲሆን 40 የተባለው በአርባኛው ሙከራ ስለተሳካ ነው። ዳዶውም (ብሎኑ የሚጠመዘዝበት ባለ ቀዳዳ ብረት) ጥርሱም በግልጽ ለሚታይ ብሎን፣ ለምሳሌ ለጭስ ማውጫው፣ ዘይት አሳድሮ መፍታት ጥሩ ዘዴ ነው። የክዳን ብሎን ግን ጥርሱ የሚጀምረው ከክዳኑ ውፍረት በኋላ ነው፤ ዘይቱ ከጭንቅላቱ ሥር ሾልኮ፣ ዱቄት በሞላው ቀዳዳ ውስጥ ወርዶ፣ በክዳኑና በሞተሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አልፎ እስከ ጥርሱ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ጉዳት ስለሌለው አደርገዋለሁ፣ ብዙም አልተማመንበትም።

ሙቀት ከዘይት ይበልጣል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሉሚኒየም ከሚሊዮን እጅ 23 እጅ ያህል ሲሰፋ ብረት የሚሰፋው 12 ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር በ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ የሚገኘው ልዩነት ከአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም የተጋገረውን ዱቄት ከያዘበት ለማላቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አሉሚኒየም መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የውኃ ጠብታ ሲያርፍበት ወዲያው ተንጫጭቶ ከተነነ በቂ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ መልኩን ሳይለውጥ በድንገት ይቀልጣል። ስለዚህ የብየዳ ቤት የጋዝ ነበልባል ልምድ በሌለው እጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሁሉ በፊት የቤንዚን ታንከሯ መውረድ፣ ካርቡራቶሩም ባዶ መሆን አለበት፤ የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ እሳት ይይዛል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ መስቀሉ ከጠፋ፣ ጭንቅላቱን በትራፓኖ (በመብሻ መኪና) ቆርጦ ማንሣት ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥረው እስከ መጨረሻው ይሸሸዋል፣ በመሸሹም ክዳኑን ይጎዳዋል። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ነገር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ብሎኑ እንዳይዞር ከሚያደርገው ፍትጊያ ግማሽ ያህሉ ያለው በጭንቅላቱ ሥር ነው፤ በጥርሱ ላይ ያለውም ቢሆን ኃይል የሚያገኘው ከብሎኑ መለጠጥ ነው። ጭንቅላቱ ሲነሣ የመጀመሪያው ግማሽ ፈጽሞ ይጠፋል፣ ተለጥጦ የነበረው አካልም ይረግባል፣ 800 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቃል። የሚቀረው ዱቄቱ ብቻ ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። የጭንቅላቱ መሃል በትክክል ይወጋና በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ቀዳዳ ይጀመራል፤ መሃሉን መሳት ክዳኑን ስለሚቦረቡር በዚህ ደረጃ መቸኮል አያስፈልግም፤ ደግነቱ የመስቀሉ ጉድጓድ ራሱ መሃሉን ያሳያል። ከዚያ ከብሎኑ አካል ጥቂት በሚበልጥ፣ 6.5 ሚሊሜትር በሚሆን ፑንታ ጭንቅላቱ እስኪላቀቅ ድረስ ብቻ ይበሳል። ፑንታው በዝግታ ይዙር፣ ዘይትም ይንካው። ጭንቅላቱ ሲላቀቅ ቀለበት ሆኖ ከፑንታው ጋር መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማቆም ነው። የተቀሩት ብሎኖች ተፈትተው ክዳኑ ሲነሣ ራስ የሌለው ብሎን በክዳኑ ውፍረት ልክ ከሞተሩ ወጥቶ ይታያል። በቆላፊ ፒንሳ ከሥሩ ጨብጦ፣ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ቀኝ ከዚያ ወደ ግራ እያመላለሱ መጠምዘዝ ነው። ያን ሁሉ ምትና ሙቀት የተቋቋመው ብሎን በዚህ ጊዜ በሚያስገርም ቅለት ይወጣል። አሁን ግንዱ በግልጽ ስለሚታይ፣ ዘይቱም ሙቀቱም በቀጥታ ጥርሱ ጋ ይደርሳሉ።

ግንዱ ራሱ ከሞተሩ ጋር እኩል ሆኖ የተቆረጠ እንደሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ የሚሸጥ በግራ የተጠመዘዘ ሾጣጣ ማውጫ አለ፤ በተበሳው ብሎን ውስጥ ተመትቶ ገብቶ ወደ ግራ ሲዞር ብሎኑን ይዞ እንዲወጣ የታሰበ ነው። በኤም 6 ብሎን ላይ ይህን መሣሪያ አልወደውም። ሾጣጣ ስለሆነ በገባ መጠን የብሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ገፍቶ ከቀዳዳው ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል። ብረቱም በጣም የጠነከረና ተሰባሪ ነው፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ከዚህ ይልቅ በግራ የሚቆርጥ ፑንታ ከተገኘ ይሻላል፤ ሲበሳ የሚያዞረው ወደ መፍቻው አቅጣጫ ስለሆነ ብሎኑ አንዳንዴ ከፑንታው ጋር ተከትሎ ይወጣል። ጎበዝ በያጅ ባለበት ከተማ ደግሞ በተሰበረው ጫፍ ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ በኩል መበየድ ከሁሉ የተሻለ ነው። የአረብ ብረት ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር አይያያዝም፤ ዳዶው ቁልፍ የሚቀበል አዲስ ጭንቅላት ይሆናል፣ ሙቀቱም በራሱ ሥራውን ያግዛል። ከብየዳው በፊት ባትሪና የማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክስ ካለ መነቀል አለባቸው።

ጥርሱ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተበልቶ ከተገኘ በ6.3 ሚሊሜትር ፑንታ አስፍቶ በራሱ መጠርሰሻ ጥርስ አውጥቶ ሄሊኮይል የሚባለውን የሽቦ ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ ሄሊኮይል በማይገኝበት ቦታ ቶርኖ ቤት የተሠራ ቦኮላ፣ ማለት ጥርስ ያለው ቀለበት፣ ያገለግላል። ሁለቱም ከመጀመሪያው አሉሚኒየም ጥርስ የጠነከሩ ናቸው።

ብሎን ሲፈታ ቦታውን አለማጥፋትም ያስፈልጋል፤ የአንድ ክዳን ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ አይደለም። በካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ በእርሳስ ስሎ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው መሰካት የቆየና የማይሻር ዘዴ ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑን ሳያጠብቅ ከታች ይደርሳል፤ አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዝና ነቅሎት ይወጣል። በአሉሚኒየም ውስጥ ኤም 6 ብሎን ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ መያዝ አለበት።

የተበላሹትን ለመተካት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አሮጌዎቹን ናሙና አስይዤ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እልካለሁ። በመስቀል ፈንታ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ የሆኑትን፣ በ5 ሚሊሜትር የአለን ቁልፍ የሚፈቱትን እመርጣለሁ፤ ጉድጓዳቸው ጥልቅ ስለሆነ ቁልፉ አይንሸራተትም። ይሁንና ቁልፉ ጉልበት ስለሚሰጥ የአሉሚኒየሙን ጥርስ መንቀል ቀላል ይሆናል፤ ከ10 ኒውተን ሜትር ማለፍ አያስፈልግም፣ ጥርሱ ቅባት ከተቀባ ደግሞ ከዚያም ማነስ አለበት። የማይዝግ ብረት ብሎን የሚያምር ቢሆንም እርጥብ አገር ውስጥ ያለ ምንም ቅባት ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ አሉሚኒየሙን የሚያስበላው እሱ ነው። በጥርሱ ላይ መዳብ ያለበት ግሪስ በስሱ እቀባለሁ፤ ካልተገኘ ተራ ግሪስም ከምንም ይሻላል። በጭንቅላቱ ጉድጓድ ውስጥም ትንሽ ግሪስ እሞላለሁ፣ የዋልካው ጭቃ እንዳይገባበት።

ክዳኑ በአዲስ ጓርኒሲዮን ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስገብቼ፣ ከመሃል ጀምሬ በተቃራኒ አቅጣጫ እያመላለስኩ በትንሽ በትንሹ አጠብቃቸዋለሁ። ሞተሯ ተነድታ ከሞቀችና መልሳ ፈጽማ ከቀዘቀዘች በኋላ አዲሱ ጓርኒሲዮን ስለሚረግብ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደገና እፈትሻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከታች ያሉት ሩብ ዙር ያህል ይቀበላሉ።